ክብ የሌለበት ቁጥር

ሰፈሩ ሁሉ «አባ ጠብታ» ይላቸዋል። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቁት የጡረታ ቢሮውና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ ባለቤታቸውም ቢሆኑ ካልተቆጡ በቀር አይጠሩበትም። አባ ጠብታ ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ካሉት ትልልቅ ግቢዎች ጀምረው ታች ድልድዩ አጠገብ እስካሉት የጋራ ግቢዎች ድረስ በየወሩ በእግራቸው እየወረዱ፣ የየቤቱን ቁጥር በደብተር እየጻፉ፣ ለቢሮው እያስረከቡ ኖረው በመጨረሻ በአንድ የምስክር ወረቀትና በአንድ የግድግዳ ሰዓት ተሸኝተዋል። «ለማንም አልጨመርኩ፣ ለማንም አልቀነስኩ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ» ማለት ይወዱ ነበር። ቅጽል ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። ያወጡላቸው ሰዎች ሊያሾፉባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀበሉት።

እንዲህ ያለ ሰው ትንሽ ቢኮራ ማን ይፈርድበታል? ሰፈሩም ያከብራቸዋል። የውሃ ነገር ከተነሣ «አባ ጠብታ ምን አሉ?» ሳይባል አይታለፍም። ጣጣው የመጣውም በዚሁ ነው።

በዚያ ሰሞን የውሃ ቢሮው አሮጌዎቹን ቆጣሪዎች አንሥቶ ቁጥራቸውን ራሳቸው የሚልኩትን፣ ስማርት የሚባሉትን ሊተክል ተነሣ። ደንቡ ግን በመንገዱ ላይ ያለው ቤት በሙሉ ይስማማ ይላል፤ ግማሹ ቤት ተተክሎለት ግማሹ ከቀረ ውሃው የት እንደገባ አይታወቅምና። ቅዳሜ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ ክፍል ስብሰባ ተጠራ። መንገዱ እሺ ካለ ሥራው ሰኞ ይጀመራል። እምቢ ካለ ቆጣሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳሉ፤ ተራው ተመልሶ የሚደርሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ለላይኞቹ ቤቶች ሦስት ዓመት ምንም አይደለም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ውሃ ያገኛሉ። በፈረቃ ሁለት ቀን ብቻ ለሚደርሳቸው ለታችኞቹ ግን ሦስት ዓመት ረጅም ነው። ሁሉም የሚጠብቀው የአባ ጠብታን አፍ ነበር፤ አባ ጠብታ ደግሞ «በሕይወቴ እያለሁ አይሆንም» ብለው ጨርሰዋል።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ከዘራቸውን ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ታች ሰፈር ካለው የጋራ ግቢ ግድግዳ ሥር አንዲት ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰች ወጣት ተንበርክካ አዩ። ከፊቷ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው አሮጌ ቆጣሪ አለ፤ አቧራውን በመዳፏ ልትጠርግ ስትል አላስቻላቸውም።

«በእጅሽ አትጥረጊው» አሉ ከኋላዋ። «አሸዋ አለበት፣ መስታወቱን ይጭረዋል። መጀመሪያ እፍ በይበት።»

ወጣቷ ዞር ሳትል እፍ አለችበት። ከዚያ ፈገግ እንዳለች ቀና አለች።

«እንደምን አደሩ አባባ። ድሮም እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩኝ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የልብስ አጣቢዋ ልጅ ነኝ። ከዚሁ ግድግዳ ሥር ቆሜ ‹ዛሬ ስንት ይላል?› እያልኩ ሳስቸግርዎት የነበርኩት።»

አባ ጠብታ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩአት። ጉልበታቸው ድረስ የምትደርስ፣ አፍንጫዋ የማይደርቅ ትንሽ ልጅ ትዝ አለቻቸው። ብብቷን ይዘው ከፍ ያደርጓታል፤ እሷም ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ትጠራለች።

«አንቺ ነሽ እንዴ? እናትሽስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፤ ዛሬ ፈረቃዋ ስለሆነ ከንጋት ጀምሮ በርሜል እየሞላች ነው። እርስዎን ስታነሣ አትጠግብም። እኔም ቁጥር ያወቅኩት በዚህ ቆጣሪ አይደል? አንደኛ ክፍል ገብቼ አስተማሪዋ ቁጥሪ ስትለኝ ከስድሳ ስምንት ነበር የጀመርኩት።»

አባ ጠብታ ከልባቸው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ዓይናቸው ከእግሯ ሥር ካለው ካርቶን ላይ ሲያርፍ ተቋረጠ። በካርቶኑ ውስጥ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ መርፌም ተሽከርካሪ ቁጥርም የሌለው አንድ ነገር ተቀምጧል።

«ይሄ ነው በይኛ፣ ራሱን በራሱ የሚያነበው?»

«ይኸው ነው። ስብሰባው እስኪደርስ ቧንቧዎቹን እየለካሁ ነው፤ ይስማማሉ ብዬ» አለችና አንሥታ ሰጠቻቸው። «ቁጥሩን በየሰዓቱ ይይዛል፤ በቀን አንዴ ለቢሮው ይልካል። በር ማንኳኳት አያስፈልግም።»

«በር ካልተንኳኳ ማን ሰው ይጠይቃል?» አሉ አባ ጠብታ፤ ነገሩን በእጃቸው እየመዘኑ። «እኔ ቁጥር ብቻ የማነብ መሰለሽ? ያች ማዶ ያለችው መበለት ታማ መነሣት ያቃታት ጊዜ ማን ነው ያወቀው? ቁጥሯ አልነቃነቅ ሲለኝ እኔ ነኝ ጎረቤት ጠርቼ በሩን ያስከፈትኩት። ይሄ ሳጥንሽ እንዲህ ያደርጋል?»

«ቁጥሩ እንዳልተነቃነቀ ያውቃል፤ ወር ሳይጠብቅ በማግሥቱ። የሚያንኳኳው ግን ሰው ነው አባባ፤ እሱ ላይ እውነትዎን ነው።»

እዚህ ላይ ስለ ተማሩ ወጣቶች አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። አብዛኞቻችን ትንሽ ፊደል ከቆጠርን ወዲህ የሽማግሌ ጥያቄ ግማሽ እውነት እንኳ አለው ማለት ሞት ይመስለናል። ይህች ልጅ እንደዚያ አልነበረችም፤ እውነት ካየች ከማንም አፍ ትቀበላለች። አባ ጠብታም ይህን ወደዱላት፤ ስለወደዱላትም ክርክሩን አጠበቁት።

«ሰላይስ አይደለም? ስንት ሰዓት እንደታጠብኩ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ እንግዳ እንደመጣብኝ ሁሉ ሊያወራብኝ ነው።»

«እርስዎስ አባባ? ‹እንትና ቤት እንግዳ ሰንብቷል፣ ቁጥሩ ከፍ ብሏል› እያሉ ለእናቴ ሲያጫውቷት እሰማ አልነበረም?»

አባ ጠብታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱ... ጨዋታ ነው።»

«ይሄኛው ጨዋታ አያውቅም። ቁጥሩን የሚያየው ባለቤቱና ቢሮው ነው፤ ሌላ ሰው ያየ እንደሆነ በሕግ ይጠየቃል።»

«እሺ፤ የሰው ጉሮሮስ? የኔን ቦታ የያዙት ልጆች የት ሊወድቁ ነው?»

«አንዷ እኮ እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «አንባቢ ሆኜ ነው የተቀጠርኩት። አሁን አስተምረውን ተካይና ጠጋኝ ሆነናል። ድሮ ውሃ ስንት እንደሄደ እንጽፍ ነበር፤ አሁን የት እንደሚፈስ ፈልገን እናስቆማለን። ማንም አልተባረረም።»

አባ ጠብታ ግራጫውን ሳጥን አገላበጡት። ቀጥሎ የተናገሩት ሲያብሰለስላቸው የከረመውን ነገር ነው፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ነገር ከቢሮ ወንበር ላይ ሆኖ በጣት ውሃ መዝጋት ያስችላል አይደል?»

«ያስችላል።»

«አየሽ። እኔ ውሃ ዝጋ ተብዬ መፍቻ ይዤ በር ላይ ደርሼ፣ የሕፃን ለቅሶ ሰምቼ የተመለስኩበት ቀን አለ። ተቆጥተውኛል፤ ግን ተመልሻለሁ። ጣት ምን ይሰማል?»

ልጅቷ ሳጥኑን ከእጃቸው ተቀብላ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው።

«ጣት ምንም አይሰማም» አለች። «ይሄንን ስብሰባ ላይ ያንሡት። እርስዎ ካላነሡት ማንም አያነሣውም።»

«እኔ ስብሰባ ላይ የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ምን ጎደለና ነው አዲስ የሚመጣው? ሠላሳ አንድ ዓመት በትክክል ለክቼላችኋለሁ። ደብተሮቼ አንድ ሳይጎድሉ ሣጥን ውስጥ አሉ። ለባለጠጋ ያደላሁበት፣ በድሃ ላይ የጨመርኩበት አንድ መስመር ካለ ነይና አሳዪኝ። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ግድግዳ ቆፍሬ ቆጣሪሽን እተክልልሻለሁ።»

«ልምጣ?»

«ነይ እንጂ። ዛሬ ከሰዓት።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አባ ጠብታ ዳገቱን ሲወጡ ከዘራቸውን መሬት ሳያስነኩ ነበር፤ ለካ ሲኮሩ ከዘራ አያስፈልጋቸውም።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ የሥራ ልብሷን ቀይራ፣ እጇን ታጥባ መጣች። የአባ ጠብታ ሳሎን ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የጡረታው ሰዓት። ባለቤታቸው አንድ ጆግ ውሃና ብርጭቆ አምጥተው አስቀመጡና ሹራባቸውን ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ። አባ ጠብታ የብረት ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡት። ሠላሳ አንዱም ደብተር በጋዜጣ ተለብዶ፣ ጀርባው ላይ ተራ ቁጥሩ ተጽፎበት ተደርድሯል። ልጅቷ አንዱን ደብተር አንሥታ ገለጠችው።

«ቢሮ ያለው ግልባጩ ብቻ ነው» አለች። «ዋናውን አይቼ አላውቅም። ጽሕፈትዎ እንዴት ያምራል።»

«የመንግሥት ሥራ ነዋ፤ እንዴት አያምር? ከማን እንጀምር?»

«ከኛ ግቢ።»

አባ ጠብታ አንዱን ደብተር መዘው ገለጡ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያሄዱ የየወሩን ፍጆታ በሜትር ኩብ አነበቡላት። ሰባ አንድ፣ ስድሳ ስምንት፣ ሰባ አራት፣ ስድሳ ዘጠኝ። እያንዳንዱ ወር ከሌላው ይለያል። ሌላ ዓመት አወጡ፤ እሱም እንደዚያው።

«አየሽ? የጨመርኩት አለ?»

«የለም። ልክ ነው» አለች ልጅቷ። «አሁን ደግሞ የባለ ጥቁር በሩን።»

ባለ ጥቁር በሩ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለ ጅምላ ነጋዴ ነው። አባ ጠብታ ገጹን ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። በየቁጥሩ ጎን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ትንሽዬ ክብ ተሥላለች።

«ይቺ ክብ ምንድን ናት አባባ?»

«ግምት ማለት ናት። በሩ ተዘግቶ፣ ወይም ሰው ጠፍቶ ሳላነብ የቀረሁ ጊዜ በግምት ጽፌ ክብ አደርግበታለሁ። ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልጽፍም!» አሉ በኩራት። «እዚህ ቤት ውሻ አለ። አንድ ጊዜ ሱሪዬን ቀዶ ሰደደኝ።»

«መቼ?»

«ኧረ ቆይቷል... አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

«ያ ውሻ እስካሁን አለ?»

«እሱማ ሞተ። ልጁ ተተካ፤ ከዚያም የልጅ ልጁ።»

«ውሻው ሦስት ትውልድ ተቀያይሮ ቁጥሩ ግን ሃያ ላይ ቆመ» አሉ ባለቤታቸው፣ ከሹራባቸው ላይ ቀና ሳይሉ።

አባ ጠብታ ቅር እያላቸው ገጽ ገለጡ። ከነጋዴው ቀጥሎ ያለው ትልቅ ግቢ፣ ክብ። ዘበኛው «የሉም» የሚለው ቤት፣ ክብ። የኤሌክትሪክ ደወሉ የማይሠራው ቤት፣ ክብ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ክቦቹ እየሳሱ ሄዱ፤ ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ አንድም አልነበረም።

«የኛ ግቢ ለምን ክብ የለውም?» አለች ልጅቷ በለሆሳስ።

«የናንተማ ቆጣሪ መንገድ ላይ ነዋ፤ በር የለው፣ ዘበኛ የለው፣ ውሻ...» አሉና አባ ጠብታ ንግግራቸውን ድንገት አቋረጡ።

ጣታቸው ከወረቀቱ ላይ አልተነሣም። የተናገሩት ነገር ለጆሯቸው የደረሰው ከተናገሩት በኋላ ነው። በር የሌለው ሰው ውሃ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ሲቆጠር ኖሯል፤ በር ያለው ሰው ውሃ በግምት አልፏል። ያደረጉት ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ ሆን ብለው ሳይሆን፣ በደከመ እግርና በተቀደደ ሱሪ።

ልጅቷ ልትጨክንባቸው አልፈለገችም፤ ግን የመጣችበትን መደበቅም አልቻለችም።

«አባባ፣ አይቆጡኝ። ቢሮው ፈረቃውን ያወጣው ከነዚህ ደብተሮች ነው፤ እስካሁንም አልከለሰውም። ክቦቹ ወደ ግልባጩ አልተላለፉም፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የተላለፈው። ‹ላይኞቹ በወር ሃያ ብቻ ይጠቀማሉ፣ ቆጣቢዎች ናቸው፤ ስድስት ቀን ይሰጣቸው። ታች ያለው አንድ ቆጣሪ ሰባ ያባክናል፤ ሁለት ቀን ይበቃዋል› ተባለ። እዚያ ግቢ ደግሞ ስድስት ቤተሰብ ነን። ሰባው ለስድስት ሲካፈል አንዳችን አሥራ ሁለት እንኳ አንሞላም። እናቴ ለሰው ልብስ እያጠበች በአገሩ አባካኝ የተባለችው በአንድ ቆጣሪ ስለተቆጠርን ነው። አዲሱ ሲመጣ ስድስታችንም የየራሳችን ይኖረናል፤ ላይኞቹም ውሻ ኖረ አልኖረ ይነበባሉ።»

ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይቆጥራል። አባ ጠብታ በዚያች ቅጽበት የተሰማቸው ኀፍረት ነበር፤ እንዲያው ዝም ብሎ ኀፍረት። ሠላሳ አንድ ዓመት «አንዲት ጠብታ እንኳ» ሲሉ የኖሩት ሰው፣ ያች አጣቢ በየሳምንቱ አምስት ቀን ደረቅ ቧንቧ ስትከፍት እንደኖረች አሁን ገና ከራሳቸው ጽሕፈት ላይ አነበቡት።

ባለቤታቸው ሹራቡን አስቀመጡ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ፣ «የእኛስ ቁጥር ምን ይላል?»

«የእኛ ምን ያደርግልሻል?»

«እስቲ አንብበው።»

አባ ጠብታ ገጹን ፈልገው አገኙት። የራሳቸውን ቤት ሁልጊዜ በመጨረሻ ነበር የሚጽፉት፤ ዳገቱን ወጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ «የኛን ማን ያጣዋል» ብለው፣ ቆጣሪው ጋ ሳይደርሱ። አሥራ አራት፣ ክብ። አሥራ አራት፣ ክብ። ሌላ ደብተር መዘዙ፤ አሥራ አራት፣ ክብ።

«ልጃችንን የዳርንበት ወርስ?» አሉ ባለቤታቸው።

አባ ጠብታ ገለጡ። «አሥራ አራት።»

«ሁለት መቶ ሰው እጁን ታጥቦ፣ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ድስት አጥቤ፣ አሥራ አራት?»

መጀመሪያ የሳቀችው ልጅቷ ናት፤ አፏን በእጇ ይዛ። ቀጥሎ ባለቤታቸው። መጨረሻ ላይ አባ ጠብታም ሳቁ፤ ሳቁና መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ ነገር አልተለየም።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አሉ። «ሰፈሩን ሁሉ ስለካ ራሴን አልለካሁም። ብዙ ክብ ያለው ቤት የኔው ሆነ።» ደብተሩን ዘጉት። «እንግዲህ ምን ቀረኝ ልጄ? ሠላሳ አንድ ዓመት ውሸት ስጽፍ ኖሬያለሁ።»

«እሱን አይበሉ» አለች ልጅቷ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ጠንከር አለ። «ከእርስዎ በፊት የነበሩትን አንባቢዎች ደብተር ቢሮ ውስጥ አይቻለሁ። እነሱም ገምተዋል፤ ክብ ግን አላደረጉም። የትኛው እውነት፣ የትኛው ግምት እንደሆነ እስከ ዘላለም አይታወቅም። እርስዎን ክብ አድርግ ያለዎት ሰው አልነበረም። ያላዩትን አላየሁም ብለው ስለጻፉ ነው ዛሬ ሁሉም ነገር የታየው። እኔ ይሄንን ሥራ የመረጥኩት ማንን አይቼ ይመስልዎታል?»

አባ ጠብታ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ብርጭቆውን ሞልተው ወደ ልጅቷ ገፋ አደረጉት፤ እሷም እስከ ጭላጩ ጠጣችው።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ክፍል ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተቀመጠ። ላይኞቹ ፊት፣ ታችኞቹ ከኋላ። ከቢሮው የመጣው መሐንዲስ ስለ አዲሱ ቆጣሪ አስረድቶ ሲያበቃ ባለ ጥቁር በሩ ነጋዴ ተነሣ።

«እኛ አዲስ ነገር አንፈልግም» አለ። «አባ ጠብታ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንብበውልናል። አንድም ቀን ቅሬታ አቅርበን አናውቅም።»

«ቅሬታ እንደማይኖርህማ አውቃለሁ» አሉ አባ ጠብታ ከመቀመጫቸው እየተነሡ። ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በእጃቸው ሦስት ደብተር ይዘዋል። «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ይሄንን ነገር እምቢ ስል ሰምታችሁኛል። ዛሬ ደብተሬን ላነብላችሁ ነው የመጣሁት።»

አነበቡ። ከራሳቸው ቤት ጀመሩ፤ አሥራ አራትና ክብ፣ አሥራ አራትና ክብ፤ የልጃቸውን ሠርግ ሲያነሡ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ የላይኞቹን አነበቡ፤ ሳቁ ቀነሰ። የታችኛውን ግቢ ሲያነቡና ስድስት ቤተሰብ መሆኑን ሲናገሩ ሳቅ አልነበረም። አጣቢዋ ከኋላ ቆማ፣ በሥራ የሻከረ እጇን አጣምራ ታዳምጣለች።

«አንተ ‹ሃያ ይጻፉልኝ› አላልከኝም» አሉ ወደ ነጋዴው ዞረው። «ጥፋቱ የኔ ነው። እስከ ዛሬ አንተም አታውቅም ነበር። አሁን ግን አውቀሃል።»

ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሩ ከፍ ያለ ሰው ነው እንጂ። ወደ ኋላ ዞር ብሎ የቆሙትን ሰዎች አየ። «እሺ» አለ፣ «ሊተክሉ ሲመጡ ውሻውን አስራለሁ።»

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አሉ አባ ጠብታ ለመሐንዲሱ። «ይሄ ነገር ከሩቅ ውሃ መዝጋት ይችላል ተብሏል። ከኛ መንገድ ላይ ግን ሰው በር አንኳኩቶ፣ የቤቱን ሰው አነጋግሮ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይዘጋ ይጻፍ። ማሽኑ ይቁጠር፤ የሚፈርደው ግን ዓይን ያለው ሰው ይሁን።»

መሐንዲሱ ከልጅቷ ጋር ተያየ፤ እሷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው፤ ፈረመም። ከዚያ አባ ጠብታ ወደ ጠረጴዛው ሄደው በስምምነቱ ወረቀት ላይ ከሁሉ በፊት ስማቸውን ጻፉ። ሰፈሩ እውነተኛ ስማቸውን ያየው ያን ቀን ነው።

የዚህ ታሪክ አንባቢ የተደረገው ነገር ምን እንዳመጣ ቢጠይቅ ይገባዋል። በአራት ወሩ ቢሮው ትክክለኛውን ቁጥር ይዞ ፈረቃውን ከመጀመሪያው ሠራው፤ ላይም ታችም በሳምንት አምስት አምስት ቀን ውሃ ያገኛል። የነጋዴው ቤት ሃያ ሳይሆን ሃምሳ ሦስት ሆኖ ተገኘ፤ ግማሹን ይጠጣ የነበረው ግን ከአትክልቱ ሥር የተሰበረ ቧንቧ ነበር። ቆጣሪው «ሰው በተኛበት ሰዓት ውሃ አልቆመም» ብሎ በስልኩ ሲነግረው እሱ ራሱ ደነገጠ፤ ያስጠገነውም በማግሥቱ ነው። የአባ ጠብታ ቤት ሃያ ሁለት ሆነ፤ ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ሲያነሡት ይስቃሉ። ማዶ ያለችው መበለት ቁጥሯ ሁለት ቀን ሳይነቃነቅ ሲቀር የሚያንኳኳ ሰው ተመድቧል፤ የተመደቡት ማን እንደሆኑ መናገር አያሻም። አጣቢዋም በፈረቃ ቀን ወገቧ እስኪቆረጥ ማጠቧ ቀርቶ፣ እንደ ሰው በየቀኑ በልኳ ትሠራለች፤ ረዳትም ቀጥራለች። ከበርሜሎቿ ሁለቱን አስቀርታ በሌሎቹ አበባ ተከለችባቸው።

አንድ ጠዋት አባ ጠብታ ወደ ታች ወረዱ። በዚያ አሮጌ ግድግዳ ላይ ስድስት ግራጫ ቆጣሪዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ልጅቷ የአንዱን መዝጊያ እያጠበቀች ነበር። አባ ጠብታ ከኪሳቸው አዲስ ደብተር አወጡ፤ በጋዜጣ የተለበደ፣ ጀርባው ላይ ሠላሳ ሁለት የተጻፈበት።

«አባባ፣ ቁጥሩን እኮ ራሱ ይልከዋል» አለች ልጅቷ።

«አውቃለሁ። ለራሴ ነው።»

ወደ መጀመሪያው ቆጣሪ ጎንበስ ብለው እፍ አሉበት። መነጽራቸውን አስተካክለው የአጣቢዋን የወር ቁጥር አነበቡ፤ አሥራ አንድ። ጻፉት። እጃቸው በልማድ ወደ ቁጥሩ ጎን ሄደ፤ እዚያው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ክብ ሳይሥሉ ወደ ሁለተኛው ቤት አለፉ።